ምግብ እምቢ ያለ ዘንዶ

እባብ ሲባል ሁላችንም ቶሎ ትዝ የሚለን መንደፉ ነው። እባብ ያየ ሰው ዱላ ይፈልጋል እንጂ «ይህ ፍጥረት ዛሬ ምን በልቶ ይሆን?» ብሎ አይጠይቅም። በቆየው የአገራችን ተረት ውስጥም ዘንዶ የሚነሣው በመብላቱ ነው። አርዌ የሚባል ዘንዶ አገሩን ይገዛ ነበር፤ ሕዝቡም ከብትና ልጃገረድ ይገብርለት ነበር፤ በመጨረሻ አንጋቦ የሚባል ሰው መርዝ ያበላትን ፍየል አቅርቦለት ገደለው ይባላል። አርዌ የሞተው የቀረበለትን ሁሉ ስለሚውጥ ነው። እኛ እዚህ የምንነጋገረው ግን ስለ ሌላ ዓይነት ዘንዶ ነው። ይህኛው የቀረበለትን ሁሉ እምቢ ይላል።

«ታዲያ እምቢ ቢል ለኛ ምናችን ነው?» የሚል ሰው አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ጋምቤላ ውስጥ ግን ነገሩ ከሰው ኑሮ ጋር ይገናኛል። ጋምቤላ ቆላ ነው። ከተማው በባሮ ወንዝ ዳር ተቀምጧል፤ ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታ 500 ሜትር ያህል ብቻ ነው። አኝዋዎች ይህን ወንዝ ኦፔኖ ይሉታል። ሙቀት አለ፣ ውሃ አለ፣ ሰው የሚውጥ ረጅም ሣር አለ። ገበሬውም በቆሎና ማሽላ ያመርታል። በቆሎ ባለበት አይጥ አለ፤ አይጥ ባለበት ደግሞ እባብ ይመጣል። ዘንዶም ከሚመጡት አንዱ ነው። ስለዚህ አንዳንድ ሰው ዘንዶውን ከመግደል ይልቅ ይዞ ማኖር ይሻላል ብሎ ያስባል። የሚያከብሩትም አሉ። ከኑዌርና ከዲንቃ ወገኖች መካከል ዘንዶን እንደ ዘመድ ቆጥረው የማይገድሉ ጎሳዎች እንዳሉ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ከደጋ የመጣ ሰው በዚህ መሳቅ የለበትም። የራሱም አገር ብዙ ክብርና ብዙ እርም አለበት።

እኛ ለማስተማር ወደዚህ የመጣን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማታ ማታ ፊደል ስናስቆጥር የሚቀርብልን ጥያቄ ሁሉ ስለ ፊደል አይደለም። አንዱ ስለ ላሙ ሳል ይጠይቃል፤ ሌላዋ ስለ ልጇ ትኩሳት ትጠይቃለች። የዘንዶው ጥያቄም የመጣው እንዲሁ ነው። በአቦቦ በኩል ካሉት የሰፈራ መንደሮች በአንዱ የሚኖር ጎረምሳ ከጎተራው ሥር አንድ ትንሽ ዘንዶ ያገኛል። ወላጆቹ በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ምክንያት ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ናቸው። ልጁ «አይጥ ይጨርስልኛል» ብሎ ዘንዶውን ማድጋ ውስጥ ከቶ ክዳን ጫነበት። ይኸው ሃያ አራት ቀን ሆነ፤ ዘንዶው አንድም ነገር አልቀመሰም። እናትየው ወተት አፈሰሰችለት፤ አልነካውም። ልጁ እንቁላል ሰጠው፤ ዝም። ጥሬ ሥጋ ቆርጦ ጣለለት፤ ሥጋው ሸተተ። በመጨረሻ አንድ ትልቅ የጎተራ አይጥ በሕይወቱ ይዞ ማድጋው ውስጥ ጨመረና አሳደረው። ሲነጋ አይጡ ደኅና ነው፤ ዘንዶው ግን ጀርባው ላይ ተነክሶ ደምቷል።

አባትየው ወደኛ መጡና «ልጆቼ፣ ይኼ ነገር አይበላ፣ አይጠጣ፣ አይሞት! ሰይጣን ቢሆን ነው እንጂ እንዴት ያለ ፍጥረት ነው? ቤቴ ሳለ አንድ ነገር ሳያመጣብኝ ልግደለው ወይ?» አሉን። እኛም «አባባ፣ ሰይጣን አይደለም። በርዶታል፣ ፈርቷል፣ ምናልባትም ቆዳውን ሊጥል ነው። መጀመሪያ እንየው» አልናቸው።

ከማየት በፊት ግን አንድ የሚቀድም ነገር አለ። ያገኘነው እንስሳ በእውነት ዘንዶ ነው ወይ? ዘንዶ መርዝ የለውም። የሚይዘውን እንስሳ በጥርሱ ይነክስና ሰውነቱን ጠምጥሞ ያጠብቅበታል። የተያዘው እንስሳ ደሙ መዘዋወር ያቆምና ቶሎ ይሞታል። እፉኝት ግን መርዝ አለው፤ ብዙ ሰውም ይገድላል። ችግሩ ትንሽ ዘንዶና እፉኝት ከሩቅ ሲታዩ መመሳሰላቸው ነው። ሁለቱም ቡናማ ናቸው፤ ሁለቱም ጀርባቸው ላይ ጥቁር ዥንጉርጉር አላቸው። «የእባብ ልጅ እፉኝት» የሚል ተረት አለን። ተረቱ ስለ ሰው የተነገረ ስለሆነ በዚያው ይሁን፤ ስለ እባብ ከሆነ ግን ስሕተት ነው። የዘንዶ ልጅ ዘንዶ ነው፣ የእፉኝት ልጅ እፉኝት ነው። እፉኝት አጭርና ወፍራም ነው፤ ጅራቱ ድንገት ይቀጥናል፤ ሲቀርቡት አየር ስቦ እየተነፋ እፍ ይላል። ዘንዶ ቀጠን ያለና ረጅም ነው። የሆነ ሆኖ በዚህ ልዩነት ተማምኖ እጅን መስደድ ሞኝነት ነው። ያላወቅነውን እባብ ማንሣት የለብንም። ልጆችም «ዘንዶ ነው» ብለው እንዳይነኩ ደጋግሞ መንገር ያስፈልጋል።

መርዘኛ እባብ ሰውን ቢነድፍ ቦታውን በምላጭ መብጣት፣ በአፍ መምጠጥ፣ በገመድ ጥፍር አድርጎ ማሰር ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም። የተነደፈው ሰው ይረጋጋ፤ አይሩጥ፤ የተነደፈው እጁ ወይም እግሩ እንዳይንቀሳቀስ በእንጨት ተደግፎ ይታሰር፤ ቀለበትና አምባር ካለ ይውለቅ፤ ሰው ተሸክሞት ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 ሰው በእባብ መርዝ እንደሚሞት የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል። አብዛኛው የሚሞተው እንደኛ ገጠር ውስጥ የሚኖረው ገበሬና የገበሬ ልጅ ነው። ይህን ነገር በመሐል ያስገባነው ከዘንዶው ጾም ይልቅ የሚያሳስብ ስለሆነ ነው።

አሁን ወደ ዘንዶው እንመለስ።

እኛ ሰዎች፣ ላምም፣ ዶሮም የሰውነታችንን ሙቀት የምናገኘው ከምንበላው ምግብ ነው። ምግብ ለሰውነታችን እንደ ማገዶ ነው። ማገዶው ሲያልቅ እሳቱ ይጠፋል። ስለዚህ በየቀኑ መብላት አለብን። እባብ ግን ከውስጡ እሳት አያነድም። የሚሞቀው ከፀሐይ፣ ከሞቀ ድንጋይ፣ ከሞቀ አፈር ነው። ማገዶ ስለማያነድ ብዙ ምግብ አያስፈልገውም። አንድ ትልቅ ዘንዶ አንዲት ሚዳቋ ከዋጠ ወር ሁለት ወር፣ ከዚያም በላይ ሳይበላ ይቆያል። የምርምር ሰዎች እባቦችን ስድስት ወር ያህል ያለ ምግብ አቆይተው ተመልክተዋል። እባቦቹ የሰውነታቸውን ሥራ እጅግ ዝቅ አድርገው፣ ያላቸውን ስብ በቁጠባ እየተጠቀሙ ቆዩ። የዘንዶ አንጀትም ቢሆን በጾም ጊዜ ይሟሽሻል፤ ምግብ ሲገባ እንደገና በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይወፍራል። ለእኛ ሃያ አራት ቀን ያለ ምግብ መቆየት ከባድ አደጋ ነው። ለዘንዶ ሃያ አራት ቀን ገና ምንም አይደለም። ጾም ማወቅስ እንዲህ ነው!

እንግዲህ ዘንዶ ምግብ እምቢ ሲል የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ልስጠው?» መሆን የለበትም። «የት ነው ያስቀመጥኩት?» መሆን አለበት።

የልጁ ማድጋ ቤት ውስጥ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር። ማድጋው እርጥበት ነበረው። ውሃ የምናቀዘቅዝበት ዕቃ ለምን እንደሚያቀዘቅዝ ሁላችንም እናውቃለን። ውሃው በሸክላው ቀዳዳ እየወጣ ሲተን ቅዝቃዜ ያመጣል። ለውሃ የሚጠቅመው ይህ ነገር ለዘንዶ መከራ ነው። የበረደው ዘንዶ አይበላም፤ ባይበላም ልክ ነው። ምክንያቱም ምግቡ ሆዱ ውስጥ የሚፈጨው ሰውነቱ ሲሞቅ ብቻ ነው። በብርድ ጊዜ የዋጠው አይጥ ሆዱ ውስጥ ሳይፈጭ ይበሰብሳል፤ ከዚያ ያስመልሰዋል ወይም ይሞትበታል። ዘንዶው ይህን አስቦ ሳይሆን ተፈጥሮው ይከለክለዋል። በዚህ ምክንያት ከጋምቤላ ዘንዶ ይዞ ወደ ደጋ የሚወጣ ሰው እንስሳውን እየገደለው ነው። መንገዱ ቡሬን አልፎ ጎሬ ሲደርስ ከፍታው 2000 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ አዲስ አበባማ ከዚያም በላይ ነው። እዚያ የደረሰ የቆላ ዘንዶ ዶሮ ቢታረድለትም አይበላም።

ታዲያ «ሙቀት ነው የሚፈልገው» ብለን ጠራራ ፀሐይ ላይ ብናሰጣውስ? ያም ይገድለዋል። በየካቲትና በመጋቢት የጋምቤላ ፀሐይ እንዴት እንደሚያቃጥል ለጋምቤላ ሰው አይነገርም። ዘንዶ ላብ የለውም። ጥላ ካላገኘ፣ በተለይ ቆርቆሮ ውስጥ ወይም ክዳኑ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ከሆነ፣ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይሞታል። በዱር ሳለ ምን ያደርጋል? ጠዋት ፀሐይ ይሞቃል፤ ቀን ጉድጓድ ወይም ውሃ ውስጥ ይገባል፤ ማታ ለአደን ይወጣል። በጣም በሚደርቅበት ወራት ደግሞ ከርከሮ ወይም ሌላ አውሬ የማሰው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ያለ ምግብ ይተኛል። ስለዚህ ማደሪያው ግማሹ ሙቅ፣ ግማሹ ጥላ መሆን አለበት። ሲበርደው ወደ ሙቁ፣ ሲሞቀው ወደ ጥላው ራሱ ይሄዳል። ከኛ ይልቅ እሱ ያውቃል።

ሁለተኛው ነገር ፍርሃት ነው። በዚያ ቤት ልጆች ነበሩ፤ የጎረቤት ልጆችም ነበሩ። ማድጋው በቀን ስንት ጊዜ ይከፈት እንደነበር ማንም አልቆጠረውም። እንግዳ በመጣ ቁጥር ክዳኑ ይነሣል፤ አንዱ በእንጨት ይነካካዋል፤ ሌላው ይጮኻል። ለዘንዶው ሰው ማለት ሊገድለው የመጣ ትልቅ አውሬ ነው። ዘንዶ ምግብ ሲውጥ አፉ በምግቡ ይደፈናል፤ መንከስም መሸሽም አይችልም። ጠላት አጠገቡ ቆሞ እያለ አፉን የሚደፍን እንስሳ የለም። ደግሞ ማድጋው ውስጥ የሚደበቅበት ነገር አልነበረም። ጥቂት የደረቀ ሣር ወይም የተደፋ ቅርጫት እንኳ ቢኖር ገብቶ ይረጋ ነበር። አዲስ የተያዘ ዘንዶ አንድ ሁለት ሳምንት ጨርሶ ባይነካ፣ ባይከፈት፣ ባይታይ መልካም ነው። ውሃ ብቻ ይቀመጥለት። ምግብ ባይበላም ውሃ ግን ያስፈልገዋል፤ ውሃውም ንጹሕ ይሁን።

ሦስተኛው ምክንያት ዓይኑ ላይ ታየን። የዘንዶው ዓይን ጢስ የገባበት መስተዋት መስሎ ነበር። ሰማያዊና ነጭ የተቀላቀለበት ዓይነት ነው። አባትየው «ታውሯል» ብለው ነበር። አልታወረም። እባብ የዓይን ሽፋሽፍት የለውም፤ ዓይኑ ላይ ያለው ከሰውነቱ ቆዳ ጋር የተያያዘ ብርሃን የሚያሳልፍ ቅርፊት ነው። ቆዳውን ሊጥል ሲል ከአሮጌው ቆዳና ከአዲሱ መካከል እርጥበት ይገባና ዓይኑ ይደበዝዛል። በዚያ ሰሞን አያይም ማለት ይቻላል፤ ይፈራል፤ ይቆጣል፤ ምግብም አይፈልግም። ጥቂት ቀን ቆይቶ ዓይኑ ይጠራል። ከዚያ አፍንጫውን ከድንጋይ ጋር አሽቶ ቆዳውን እንደ ካልሲ ገልብጦ ያወልቀዋል። ቆዳውን ካወለቀ በኋላ ብዙውን ጊዜ ይርበዋል።

ሴት ዘንዶ ከሆነች ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። ዘንዶ እንቁላል ትጥላለች። ትልቅ ከሆነች ከሃምሳ በላይ ትጥላለች። እንቁላሎቿን ከብባ ተጠምጥማ ሦስት ወር ያህል ትጠብቃቸዋለች፤ በዚያን ጊዜ አትበላም። በደቡብ አፍሪካ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2018 በወጣ ጥናት የዚሁ የኛ ዘንዶ የቅርብ ዘመድ የሆነችው እናት፣ ፀሐይ እየሞቀች ተመልሳ እንቁላሎቿን እንደምታሞቅና ከተፈለፈሉም በኋላ ልጆቿን ሁለት ሳምንት ያህል እንደምትጠብቅ ታይቷል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ምግብ የለም። ትከሳለች፤ አንዳንዷም ትሞታለች። እባብ ልጁን አያውቅም የሚባለው ለዘንዶ አይሠራም ማለት ነው። እንዲህ ያለች እናት ጉድጓድ ውስጥ ካየን ሳንነካት እንለፍ፤ ትነክሳለች።

አሁን ስለ ምግቡ። ወተት የጡት አጥቢ እንስሳ ልጅ ምግብ ነው። እባብ ጡት የለውም፤ ልጁንም አያጠባም። እባብ ወተት ይወዳል፣ ማታ እየመጣ ላም ያልባል የሚባለው ወሬ እውነት አይደለም። ላሟስ ያ ሁሉ የታጠፈ ስለታም ጥርስ ጡቷን ሲይዛት ዝም ብላ ትቆማለች? እጅግ የጠማው እባብ ወተት ቢቀርብለት ሊጠጣ ይችላል፤ ግን ሆዱን ያበላሸዋል። ያን ወተት ለሕፃን መስጠት ይሻላል። እንጀራ፣ ቂጣ፣ ገንፎም አይበላም። የተቆረጠ ሥጋም ለዘንዶ ምግብ አይመስለውም። ዘንዶ የሚያድነው እንስሳ በሙቀቱና በሽታው ነው። ምላሱን አውጥቶ የሚያውለበልበው ሊነድፍ ሳይሆን ሊያሸት ነው። ከንፈሩ ላይ ደግሞ ትናንሽ ጉድጓዶች አሉ። በነሱ በጨለማ ውስጥ የአይጥን ሙቀት ያውቃል። እኛ እሳት ዳር ዓይናችንን ጨፍነን እሳቱ በየት በኩል እንዳለ በፊታችን እንደምናውቀው ማለት ነው። የቀዘቀዘ ሥጋ ፀጉር የለው፣ ሙቀት የለው፤ ለዘንዶ ከድንጋይ አይለይም።

ለትንሽ ዘንዶ የሚሆነው አይጥ ነው። የአይጡ ውፍረት ከዘንዶው ወገብ ውፍረት መብለጥ የለበትም። ዘንዶ ከራሱ ጭንቅላት የሚበልጥ ነገር መዋጥ ይችላል፤ የታችኛው መንጋጋው ሁለት ቦታ የተከፈለ ሆኖ እንደ ላስቲክ በሚለጠጥ ጅማት የተያያዘ ነውና። ቢችልም ግን የታመመውንና ገና የፈራውን በትንሽ ማስጀመር ይሻላል። አይጡ የሞተ ይሁን። በሕይወት ያለ አይጥ ከማይበላ ዘንዶ ጋር ቢያድር ምን እንደሚሆን ከላይ አይተናል። አይጥ ሲርበው የዘንዶን ጀርባ እስከ አጥንቱ ይበላል። ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ግን ይሆናል። ወዲያው የሞተና ገና ትኩስ የሆነ፣ ወይም ከቀዘቀዘ በሞቀ ውሃ ላይ በላስቲክ ከረጢት ተደርጎ የሞቀ አይጥ በረጅም እንጨት ጫፍ ይቅረብለት። በእጅ አይደለም። የአይጥ ሽታ ያለበትን እጅ ዘንዶ ከአይጥ አይለየውም። ጊዜው ማታ ይሁን። ካቀረቡ በኋላ መብራቱን ወስዶ መሄድ ነው። እስከ ጠዋት ካልበላ አይጡን አውጥቶ መጣልና ሳምንት ሙሉ መተው ያስፈልጋል። በየቀኑ መነዝነዝ ጾሙን ያራዝመዋል።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለን። በአይጥ መርዝ የሞተ ወይም ከየት እንደመጣ የማይታወቅ አይጥ ለዘንዶ አይሰጥም። አይጡን የገደለው መርዝ ዘንዶውንም ይገድለዋል። ድመትና ውሻም እንዲሁ ይሞታሉ፤ ይህንን ብዙ ቤት በሐዘን ያውቀዋል።

አፉን በእንጨት ፈልቅቆ ምግብ በግድ መጠቅጠቅስ? ልጁ ይህንንም አስቦ ነበር። አይሆንም። የዘንዶ ጥርስ ወደ ውስጥ የታጠፈና በቀላሉ የሚሰበር ነው፤ ጉሮሮውም ይቀደዳል። የተቆጣው ዘንዶ ቆይቶ ሁሉንም ያስመልሰዋል፤ ካስመለሰ ደግሞ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ምንም አለመስጠት ነው። ያስመለሰ ሆድ የቆሰለ ሆድ ነው።

በዚያ ቤት የሆነው ይህ ነው። ዘንዶው ከማድጋው ወጥቶ የአየር ቀዳዳ ወዳለው የጣውላ ሣጥን ገባ። ሣጥኑ ግማሹ የጠዋት ፀሐይ በሚያገኘው፣ ግማሹ በጎጆው ጥላ ሥር በሚሆን ቦታ ተቀመጠ። የደረቀ ሣርና የውሃ ጣባ ተሰጠው። የተነከሰው ጀርባው በንጹሕ የጨው ውሃ ታጠበ። ክዳኑ ላይ ድንጋይ ተጫነ፤ ልጆችም እንዳይቀርቡ ተከለከሉ። ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጥ አስቸገረ። በአሥራ አንደኛው ቀን ቆዳውን ጣለ። እናትየው ቆዳውን በእንጨት አንጠልጥላ አሳየችን፤ የዓይኖቹ ቅርፊት ሳይቀር ሙሉ ነበር። ከዚያ በሦስተኛው ሌሊት አንዲት ትንሽ አይጥ ዋጠ። አባትየው «ጉድ ነው፤ እኛ ነን ለካ ያስጾምነው!» አሉ።

ይሁን እንጂ ጾም ሁሉ ደኅና ነው አይባልም። በሽታም ያስጾማል። ዘንዶው አፉን ከፍቶ የሚተነፍስ ከሆነ፣ ካፍንጫው አረፋ ካለ፣ ከአፉ ውስጥ እንደ አይብ ያለ ቢጫ ነገር ከታየ፣ ታሟል። የጀርባው አጥንት እንደ ቢላዋ ጀርባ ወጥቶ ጎንና ጎኑ ከጎደለ፣ ያለው ስብ አልቋል። ከቅርፊቱ ሥር መዥገር ካለም ደሙን እየመጠጠው ነው። እንዲህ ያለውን የእንስሳት ሐኪም ካልሆነ በስተቀር በቤት መድኃኒት መሞከር ጉዳት ነው። የጨው ውሃው ለቁስሉ እንጂ ለበሽታ አይሆንም። ዘንዶ የነካ ሰው ሁሉ ደግሞ እጁን በሳሙና ይታጠብ። እባቡ ደኅና ቢሆንም እንኳ ቆዳው ላይ በሰው ላይ ተቅማጥና ትኩሳት የሚያመጣ ተሐዋስያን ይኖራል። ሕፃናትን በጣም ይጎዳል።

ስለ ሕፃናት ካነሣን አንድ የምንሸሽገው ነገር የለም። ዘንዶው እያደገ ይሄዳል። ከእንቁላል ሲወጣ ከግማሽ ሜትር ብዙም አይበልጥም። አድጎ ሲጨርስ ግን ከሦስት እስከ አምስት ሜትር ይሆናል፤ ፍየል ይውጣል። ዛሬ «አይበላም» ብለን የምናዝንለት ነገ ይበላል። በ2005 ዓ.ም. ክረምት ካናዳ ውስጥ ካምቤልተን በምትባል ከተማ የዚሁ የኛ የአፍሪካ ዘንዶ ዓይነት የሆነ አንድ እንስሳ ከታሰረበት ቤት አመለጠ። በሌሊት የጣራ ክፍተት አልፎ ሁለት ሕፃናት ወንድማማቾች የተኙበት ክፍል ወረደና ሁለቱንም ገደለ። አንዱ የአራት፣ አንዱ የስድስት ዓመት ልጅ ነበር። ያ ቤት የኛን ጎጆ የመሰለ አልነበረም። የኛ ቤት ደግሞ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣራው ሣር፣ ልጁም መሬት ላይ የሚተኛ ነው። ስለዚህ ዘንዶ በቤት ማኖር ምክራችን አይደለም፤ ሕጉም አይፈቅድም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል። ኢትዮጵያ በ1981 ዓ.ም. በገባችበት የዓለም ስምምነትም የዘንዶ ንግድ ቁጥጥር አለበት። ቆዳውን ለመሸጥ የሚይዙትን የሚመለከት ነው።

ታዲያ ልጁ ምን ያድርግ? ዘንዶው በልቶ በረታ፤ አሁን ወደ መጣበት ይመለስ። ለዱር እንስሳት ጥበቃ ሠራተኞች ቢነገር መልካም ነው። የጋምቤላ ፓርክ ከ1966 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ስለሆነ ይህን የሚያውቅ ሰው አይታጣም። ትንሹ ዘንዶ ሣጥኑ ውስጥ እንዳለ ሣጥኑ ይወሰድ። ማታ ሲሆን፣ ፀሐይ ከበረደች በኋላ፣ ከተያዘበት አካባቢ ሳይርቅ ነገር ግን ከቤትና ከከብት በረት ርቆ፣ ውሃና ቁጥቋጦ ባለበት ቦታ ክዳኑ ይከፈት። ከፋቹ ከኋላ ይቁም። ሣጥኑን መገልበጥ አያስፈልግም፤ እሱ ራሱ ይወጣል።

የቀረው የአይጡ ነገር ነው፤ ልጁም ከመጀመሪያው የፈለገው ይህንኑ ነበር። አንድ ዘንዶ ሣጥን ውስጥ ሆኖ በወር ሁለት ወይም ሦስት አይጥ ይበላል። በጎተራው ሥር ደግሞ ሃምሳ ይፈለፈላሉ። ይህ ሒሳብ አይሆንም። ጎተራው በአራት ወይም በስድስት እንጨት እግር ላይ ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ይበል። በእያንዳንዱ እግር ላይ፣ ከጎተራው ወለል ዝቅ ብሎ፣ ቆርቆሮ እንደ ተገለበጠ ቁና ተጠምዝዞ ይመታበት። አይጥ እንጨቱን ይወጣል፤ ቆርቆሮው ጋ ሲደርስ ጥፍሩ ይንሸራተትና ይወድቃል። መሰላሉ ከጎተራው ሥራ በኋላ ሁልጊዜ ይነሣ፤ ተደግፎ ከቀረ የቆርቆሮው ድካም ሁሉ ከንቱ ነው። በጎተራው ዙሪያ አምስት እርምጃ ያህል ሣሩ ታጭዶ ይጽዳ፤ የበቆሎ ቆረቆንዳና ገለባ አይከመርበት። አይጥ ከሌለ እባብም የሚመጣበት ጉዳይ አይኖረውም።